ከሱዛና ኑዛዜ የተቆረጠው ቅጠል

የተገደለ ሰው የለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ አፉን በከፈተ ቁጥር ሰዉ ሬሳ ስለሚጠብቅ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ሬሳም አይቻለሁ። አንዱም ግን እንደዚያች አንዲት ወረቀት ሆዴን አላባባውም።

ነጻነታችንን ካገኘን ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀን ቀርቶን ነበር። ኅዳር ነው። በደሴታችን ከተማ በስፔይትስታውን በየቤቱ ኮንኪ ይቀቀላል፤ የበቆሎ ዱቄቱ ከዱባና ከኮኮናት ጋር ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲንተከተክ ሽታው ጣቢያችን ድረስ ይመጣል። ያኔ በባሕሩ ዳር መንገድ የነበሩት የእንጨት ሰገነቶች ገና አልፈረሱም። ዓሣ አጥማጆቹም ጀልባቸው ሲገባ ትልቁን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይነፉ ነበር፣ ሴቶቹም ሳህናቸውን ይዘው ይወርዳሉ። አሁን የሚነፋውም የለ፣ የሚወርደውም የለ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአሮጌው መዝገብ ቤት ኃላፊ ኩትበርት ሌን ነበር፤ ሲተኛም ከረባቱን የሚያወልቅ የማይመስለኝ ሰው።

«ኢንስፔክተር ጎሎፕ፣ ስርቆት ተፈጽሟል። ሌባዋንም ለይቻታለሁ።»

«ከለየሃት እኔ ምን ልሥራልህ?»

«ማስረጃው ነው የጎደለኝ።»

«እሱማ ሁላችንንም ይጎድለናል» ብዬ ኮፍያዬን አነሳሁ።

መዝገብ ቤቱ ድሮ የስኳር መጋዘን የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። የእንግሊዝ ዘመን ኑዛዜና የመሬት ውል ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ከለንደን፣ ከቶሮንቶ፣ ከብሩክሊን የሚመጡ ሰዎች የአያታቸውን አያት ፍለጋ በዚያ አቧራ እያስነጠሳቸው ይውላሉ። የእኛ ሰዎች በባርነት ዘመን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብዙም አይገኙም። የሚገኙት ጌታው ሲሞት በተጻፈው ኑዛዜ ላይ፣ ከላሟ በኋላና ከመዳብ ድስቱ በፊት ነው። ወይም በሽያጭ ውል ላይ። ዘሩን የሚፈልግ ሰው ይህን ያህል ጨክኖ ማንበብ አለበት።

ሌን አሥራ አራተኛውን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ካናዳዊ እንግዳ ጠዋት ሲጠይቀው ነው ጉድለቱ የታየው። የሱዛና ያርዉድ ኑዛዜ ሁለት የወረቀት ቅጠል ነበረው፣ ሁለተኛው የለም። ከስፌቱ አጠገብ በምላጭ፣ መስመር ተይዞ፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በድሮ አጠራረዝ ሁለት ቅጠል አንድ ወረቀት ነው፤ መሃሉ ታጥፎ ይሰፋል። አንዱን ከቆረጥከው ጓደኛው ይላቀቅና ይወድቃል። እዚህ ግን ጓደኛው አልወደቀም። አንድ ሰው በቀጭን ወረቀት አጣብቆ መልሶ አስተካክሎታል። ሰርቆ የሚጠግን ሌባ አጋጥሞኝ አያውቅም። አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

«ቅርንፉድ ይሸታል» አልኩ።

«ሜርል ለብል ብላ የምታደርገው ነው» አለ ሌን ቶሎ ብሎ። «ይኸው! ሙጫውም የእሷ ነው ማለት ነው።»

መልሱን ወዲያው ተቀበልኩት። ለምን ያን ያህል እንደቸኮልኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ሜርል ሂንድስ በሩ አጠገብ፣ ከመፈረሚያው ደብተር ኋላ ቆማለች። አብረን ተምረናል። ከወጣትነቷ ጀምሮ ሽበታም ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህን መዛግብት ስታወጣና ስታስገባ ኖራለች፣ ለእያንዳንዱም ኃላፊነቱን የምትፈርመው እሷ ናት።

«እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ወረቀቱ ካልተገኘ ሥራዋን ትለቃለች» አለ ሌን፣ እሷ እንደሌለች ቆጥሮ። «በሌብነት ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

ሜርል ግን ስለራሷ አልነበረም የምትጨነቀው። «ለሚስ ኡና ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ። «ቅዳሜ እኮ ነው የያርዉዶች ጉባኤ።»

ሚስ ኡና ያርዉድ የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ናቸው፤ እኔንም ጭምር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የቤተሰባቸውን ዘር መፈለግ ነው። ሱዛና ያርዉድ በባርነት ተወልዳ፣ የዝንጅብል ዳቦ ሸጣ ራሷን ነጻ ያወጣች፣ መሬት ገዝታ ለልጆቿ ያወረሰች ሴት ናት። ይህን ታሪክ ሚስ ኡና ክፍል ውስጥ ነግረውን ሁላችንም ያርዉድ በሆንን ብለን ተመኝተናል። ቅዳሜ መቶ አርባ ዘመዶቻቸው ተሰብስበው ኑዛዜውን ከእሳቸው አፍ ሊሰሙ ነው።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ያን ቀን ግን አልሄድኩም።

*

ሜርልን ወደ ግቢው የባሕር ለውዝ ዛፍ ሥር ወስጄ ጠየቅኋት።

«ወረቀቱን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ። በቀን ሁለት መዝገብ ገጽ በገጽ እጠርጋለሁ። ሙሉ ነበር።»

«አነበብሽው?»

«ያንን የድሮ ጽሕፈት? ከአሥሩ አንድ ቃል ካወጣሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።»

«ከዚያስ?»

«ጋሪው ላይ ተውኩት፤ እስከ ሰባት ከዓይኔ አልራቀም። ከሰባት እስከ ስምንት እዚህ ዛፍ ሥር ምሳዬን በላሁ፣ ብቻዬን። ስምንት ሰዓት ላይ መደርደሪያው ውስጥ ቆለፍኩበት።»

ስለዚህ ሌባው የነበረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ደብተሩን ገለጥኩ። ማክሰኞ የፈረሙት ሁለት ናቸው፤ ቀያሹ ዳርንሊ ስኪትና ካናዳዊው ዶክተር ሃስኬት።

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማንም አልነበረም» አለች።

ሌንንም ጠየቅኩት፤ ቢሮው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ክሪኬት ሲያዳምጥ ነበር። እሱም «ማንም አልነበረም» አለ።

*

ስኪትን ያርዉድ ኮረብታ ላይ፣ የመለኪያ ሰንሰለቱን ሲጎትት አገኘሁት። ኮረብታው የሱዛና ውርስ ነው። ሆቴል ሊሠራበት የሚመኝ ሰው እንዳለና ስኪት ለእሱ እንደሚለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ኤልሪክ! ደግሞ ማን ሞተ?»

«ወረቀት።»

«ነፍስ ይማር። እኔ ገደልኩት?»

«ኑዛዜው ከጠፋ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያስረዳ አይኖርም። ደንበኛህ ደስ አይለውም?»

ሰንሰለቱን ጥሎ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ መዝገቡን አላየኸውም እንዴ? መሬቱ ያለው መጀመሪያው ቅጠል ላይ ነው! ድንበሩ፣ ጉድጓዱ፣ የታማሪንዱ ዛፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔ ብሰርቅ እሱን ትቼ ሁለተኛውን እሰርቃለሁ? ያን ያህል ቂል እመስልሃለሁ?»

«ትመስላለህ እንጂ አይደለህም። ከሰባት እስከ ስምንት የት ነበርክ?»

«ከስድስት ተኩል ጀምሮ የሴንት ሉሲውን ቄስ አጥር ስለካ ነበር። ሂድና ጠይቀው። አንድ ክንድ ቀነሰብኝ ብሎ እስካሁን ይረግመኛል።»

ቄሱን ጠየቅሁ። አንድ ክንድ ሳይሆን ሁለት ክንድ ነው ብለው ሌላ ክስ ሊያስመዘግቡኝ ፈለጉ። ስኪት ነጻ ነው። ነገር ግን የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣም፤ መሬቱ ተትቶ ሁለተኛው ቅጠል የተወሰደው እዚያ ላይ ምን ቢጻፍ ነው?

*

ዶክተር ሃስኬት ፀሐይ ያቃጠላቸው፣ የድሮ ጽሕፈት እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ ጡረተኛ ጥርስ ሐኪም ናቸው። ሐሙስ ጠዋት እንግዳ ማረፊያቸው ውስጥ ቦርሳቸውን ስከፍት፣ አጣጥፈው ያስቀመጡት ቡናማ ወረቀት ወጣ። ሰውዬው ቀሉ። እኔም ልቤን ደስ አለው፤ ሌባው የሩቅ ሰው ሲሆን ለሁሉም ይቀልላል።

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። የገዛ አያታቸው የጥምቀት ወረቀት ነው፤ ከሞንትሪያል ይዘውት የመጡ፣ የካናዳ ቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለበት።

«ማክሰኞ መቼ ወጡ?» አልኳቸው።

«ሰባት ከሩብ ላይ። ርቦኝ ነበር። ሚስ ኦድል መሸታ ቤት ዓሣ በልቼ ዶሚኖ ተጫወትኩ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪያዝኑልኝ ድረስ።»

ሚስ ኦድል አረጋገጡልኝ። ሐኪሙ ስድስት ዙር ተሸንፈው፣ በሰባተኛው ደግሞ ተራው የእሳቸው መሆኑን እንኳ ረሱ አሉኝ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «እርስዎ ሲወጡ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ሰው አለ?»

«ያቺ ሽበታም ሠራተኛ ብቻ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው።»

ሜርል ዛፍ ሥር ነበርኩ ብላኛለች። ውሸት ተናግራ ከሆነ ሌን ልክ ነው፣ እኔም የትምህርት ቤት ጓደኛዬን በገዛ እጄ ላስራት ነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። የሜርል ቤት እንደ ብዙዎቹ ቤቶቻችን፣ መሬቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ቀን ሲጎድል ተፈታቶ በጋሪ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ፣ በድንጋይ ክምር ላይ የተቀመጠ የእንጨት ቤት ነው። ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በሩ ላይ አልፎኝ ወደ ሥራው ሲሮጥ «ኳሚና፣ ምሳህን!» ብላ ጮኸችበት።

«ስሙ ሩፐርት አይደል እንዴ?» አልኩ።

«የቤት ስሙ ነው። በእኛ ቤት ሁልጊዜ አንድ ኳሚና ይኖራል። አያቴም ኳሚና የሚባል ወንድም ነበራት፣ የእሷ አያትም። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር።» ዓይኗ በራ። «አሁን ግን አውቄአለሁ፣ ኤልሪክ። ባለፈው ሳምንት አገኘሁት!»

ሃያ ሦስት ዓመት በትርፍ ሰዓቷ፣ የሰው አያት ስታፈላልግ ውላ የራሷን ስትፈልግ ኖራለች። ከሽያጭ ውሎቹ መሃል ጽሕፈቱ ጎላ ያለውን አንዱን ገልብጣ ጽፋዋለች። ወረቀቱን አወጣችልኝ። የሂንድስ እርሻ ጌታ፣ ኳሚና የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ ከሟቿ ከሱዛና ያርዉድ ኑዛዜ አስፈጻሚዎች ገዛ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከሱዛና ያርዉድ?»

«ከእሷ። እኔም ደነገጥኩ። ግን ተመልከት፣ ልጁ የእሷ ከነበረ ኑዛዜው ላይ ይኖራል ማለት ነው። እናቱም ትኖራለች። የእናቱን ስም አገኛለሁ ብዬ ነው እኮ! ከሁላችንም ፊት የነበረችው ሴት ስሟ ማን እንደሆነ ልሰማ ነበር። እና ተቆረጠ።»

አለቀሰች። እኔም ያኔ ፖሊስ መሆኔን ጠላሁት፤ ምክንያቱም ይሄ ሁሉ እሷኑ የሚያስጠረጥር ነው። ያንን ወረቀት ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ ናት።

«ሜርል፣ መደርደሪያው ላይ ለብል የምታደርጊው ቅርንፉድ ነው?»

«ቅርንፉድ? በዚህ ዋጋ? ናፍታሊን ነው እንጂ። ሌን አፍንጫ የለውም።»

ካሳቫ ተፍቆ፣ ስታርቹ ሰክኖ፣ ቅርንፉድ ጠብ ተደርጎበት ሲንተከተክ ታየኝ። የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ነሐሴ ነሐሴ ይጠገኑበት የነበረው ሙጫ ነው። ማሰሮውን የማማስለው እኔ ነበርኩ። ረቡዕ ዕለት መዝገቡን ሳሸተው አፍንጫዬ አውቆት ነበር፤ እሺ ያላለው ልቤ ነው።

«ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ነበር ተብሏል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔ? ማነው ያለው? እኔ እኮ ሃያ ሦስት ዓመት በር ላይ ነው የምቀመጠው። መስኮቱማ የሚስ ኡና…»

አፏን በእጇ ያዘች።

ሚስ ኡና ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይፈርሙ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ግን ያስተማሯቸው ልጆች መዝገብ ቤቱ ውስጥ ተቀጥረው «እርስዎም ደግሞ!» እያሉ ደብተሩን ወደ እሳቸው መግፋት አፈሩ። ስለዚህ ማን ነበር ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ማንም አልነበረም አሉኝ፤ አልዋሹም። ሚስ ኡናን እንደ መስኮቱ ነው የሚያዩዋቸው። የቆጠሯቸው የማያውቋቸው ካናዳዊ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ሠራተኛ መስለዋቸው።

«ስለ ውሉ ነግረሻቸዋል?» አልኩ።

«ሰኞ ነገርኳቸው» አለች፣ ድምፅዋ እየጠፋ። «ጉባኤው ሲያልፍ ኑዛዜውን ያንብቡልኝ አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።»

*

ዓርብ ጠዋት ሚስ ኡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከዛፍ ቅርፊት የሚፈላውን ሞቢ ቀዱልኝ፤ መራራነቱ እንደ ልጅነቴ ነው። ቤቱ በትራስና በፍራሽ ሞልቷል፤ ከለንደን የመጡት ዘመዶች ወደ ባሕር ወርደዋል። የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«ከስተሃል፣ ኤልሪክ። ሚስትህ አታበላህም?»

«ትመግበኛለች፣ ሚስ ኡና። መዝገቡን አየሁት።»

ብርጭቆዬ ላይ ሞቢ ጨመሩልኝ።

«ጥገናው ቆንጆ ነው፤ ሙጫውም በልጅነቴ ያማሰልኩልዎት ነው» አልኩ። «ሌላ ሌባ ቢሆን ጓደኛው ቅጠል ሲወድቅ ዝም ይል ነበር።»

ተነሥተው ገቡና የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሃሉ ውስጥ ነበር።

«ላቃጥለው እሳት አንድጄ ነበር» አሉ። «እጄ እምቢ አለ። የተጻፈ ነገር አቃጥዬ አላውቅም።»

«ምን ይላል?»

«ማንበብ አስተምሬህ የለ? አንብበው።»

ጽሕፈቱ ቡናማ ሆኗል፤ በዝግታ ግን ተነበበልኝ። «ባሪያዬን ሚምባን ከሁለቱ ሴት ልጆቿ ጋር ለልጄ ለኪቲ ሰጥቻለሁ። የሚምባ ወንድ ልጅ ኳሚና፣ ዕድሜው ስምንት የሚሆን፣ ተሸጦ በዋጋው በመቃብሬ ላይ ስሜ የተቀረጸበት ጥሩ ድንጋይ ይቁምልኝ።»

ያንን ድንጋይ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየዓመቱ ትምህርት ቤቱ ወስዶን አበባ አስቀምጠንበታል።

«መቼ አወቁ?» አልኩ።

«ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ሠላሳ ዓመት ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ነው የምገልጠው። ምን ታደርግ ነበር? ባሪያ ሆና ተወልዳ፣ በጣቷ ሳንቲም ቆጥራ ነጻነቷን የገዛች ሴት ናት ብዬ አስተማርኳችሁ። እውነት ነው። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የምናገርበት አፍ አጣሁ። ነገ ልጆቹ አበባ ይዘው ድንጋዩ ጋ ይሄዳሉ። በልጅ ዋጋ የቆመ ነው ልበላቸው?»

«ሜርልስ?»

«ሜርል ምን?»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በሌብነት ትባረራለች። ለመዝገቡ የምትፈርመው እሷ ናት።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። አላወቁም ነበር። ማንም የማይከፍተው መዝገብ ነው ብለው፣ ለጥቂት ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል ብለው ነበር።

«ማክሰኞ መኖሬን ማንም አልተናገረም?»

«ደብተሩ ላይ ስምዎ የለም፣ ሚስ ኡና። አሥራ አንድ ዓመት የለም።»

«አለመፈረሜ ክብር መስሎኝ ነበር» አሉ።

ካርቶን ውስጥ ለተቀመጠ የጉባኤ ኮንኪ፣ ለተጠቀለሉት ፍራሾች፣ ለእኚያ ላስተማሩኝ ሴት አዘንኩ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ይዤ ሄጄ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። አሰብኩበትም።

እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። «ተነሣ» አሉኝ። «አሥር ሰዓት ሳይሆን እንድረስ።»

*

ሌን ሲሰማ ክስ እመሠርታለሁ ብሎ ፎከረ። ሜርል ቁልፎቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እሳቸውን ከከሰስክ የምለቀው እኔ ነኝ። ሰባት መቶ መዝገብ የት የት እንዳለ አንተ ፈልግ» አለችው። ነገሩ በዚያው ተቋጨ። ሚስ ኡና ግን ሁለተኛ ወደ መዝገብ ቤቱ እንዳይገቡ በጽሑፍ ተነገራቸው፣ ፈረሙበትም።

ከዚያ ሜርል ወረቀቱን አነሳች። ጽሕፈቱ አልነበብ ሲላት ሚስ ኡና ከጎኗ ቆመው በጣታቸው ፊደል ፊደሉን አሳዩዋት፣ እኔን እንዳሳዩኝ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሚምባ» አለች ሜርል። እንደገና «ሚምባ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ኤልሪክ፣ ስም አላት» አለችኝ።

ይቅርታ ሲጠየቅም ሲሰጥም አልሰማሁም። ሚስ ኡና «ነገ ከወንድምሽ ጋር ትመጫለሽ» ብቻ አሏት።

*

ቅዳሜ በያርዉድ ኮረብታ ድንኳን ተተከለ። ከባሕሩ እየዘለለ የሚበረው ዓሣ ይጠበሳል፣ ከብሩክሊን የመጡት ሴቶች የኮፍያ ውድድር ላይ ያሉ ይመስላሉ፣ ሕፃናቱ በማያውቁት መሬት ይንከባለላሉ። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ሜርል ከፊቴ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሚስ ኡና ወጡና የመጀመሪያውን ቅጠል ግልባጭ አነበቡ። ቤቱን፣ መሬቱን፣ የታማሪንዱን ዛፍ፣ የወርቅ ጉትቻውን። ጭብጨባው ኮረብታውን ሞላው። ሰዉ ያለቀ መስሎት ወደ ዓሣው ሲነሣ «ተቀመጡ» አሉ፣ እንደ ክፍል ውስጥ። መቶ አርባ ሰው ተቀመጠ።

ሁለተኛውን አነበቡ።

ከለንደን የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ «አክስቴ፣ ይሄን በዚህ ቀን ማንበብ ምን ያስፈልግ ነበር?» አለ።

«ሠላሳ ዓመት ሳላነበው ኖሬያለሁ» አሉት። «ከዚህ በላይ አልችልም። አሁን ስም ልጠራ ነው። የእናንተ ቅርንጫፍ ሲጠራ ተነሡ።»

የሱዛናን ልጆች አንድ በአንድ ጠሩ። «ኪቲ!» ሲሉ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች «አቤት!» ብለው ተነሡ። «ቶማስ!» «አቤት!» «ቤትሲ!» ሲሉ መልሱ ከኋላ፣ ከሕፃናቱ መሃል ሳይቀር መጣ። አምስቱም ተጠርተው አለቁ። ሁሉም ቆሟል። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሚምባ» አሉ።

ሜርል ተነሣች። «አቤት» አለች።

«ኳሚና» አሉ ሚስ ኡና።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሜርል ወደ መንገዱ ዞረች። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ግቢ ጥግ የቆመ ተማሪ እንደሚጠሩ አድርገው ደገሙት፦

«ኳሚና!»

ከኮረብታው ሥር፣ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ዳር አቁሞ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ በካኪ ሸሚዙ፣ እያለከለከ ደረሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ።

«አቤት፣ ሚስ» አለ።